ሰባት ደቂቃና ሦስት ስኒ ቡና፦ የሰፈራችን ምሽት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 5 ቀን 2015፣ ቅዳሜ

ዛሬ ቀኑ ተቆረጠ። ኅዳር 10፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ።

የምናዘጋጀው የሰፈር ምሽት ነው። ቦታው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከቀበና ወንዝ ከፍ ብሎ ያለው የዕድራችን ግቢ። ስድስት ሰው ተራ በተራ ይነሣና የሚያውቀውን አንድ ነገር ያወራል። ለእያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ። ወሬው ስለ እጅ ሥራና ፈጠራ፣ ስለ ወንዛችን፣ ስለ ሰፈር ኑሮ ነው።

ሐሳቡን ለዕድሩ ሊቀመንበር ሳነሣላቸው «ስብሰባ ነው?» አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። «መዋጮ?» እሱም አይደለም። ትንሽ አሰቡና «ሰው ሁልጊዜ ለለቅሶ ብቻ ከሚገናኝ ይሄ ጥሩ ነው፤ እስቲ ሞክሩት» አሉ። ግቢውን፣ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን ፈቀዱልን። የቡናውን ወጪ እኛ እንችላለን።

የሰዓት ገደቡን የተዋስኩት ከሩቅ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ቶኪዮ ውስጥ አስትሪድ ክላይን እና ማርክ ዳይተም የሚባሉ ሁለት አርክቴክቶች «ፔቻ ኩቻ» የተባለ ምሽት ጀመሩ። ተናጋሪው 20 ምስል ያሳያል። እያንዳንዱ ምስል 20 ሰከንድ ቆይቶ በራሱ ያልፋል። ሲደመር 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። አርክቴክት ማይክ ከጨበጠ አይለቅም ብለው ነው ገደብ ያበጁለት። ዛሬ በብዙ የዓለም ከተሞች ይካሄዳል።

እኔ ምስሉን ትቼ ገደቡን ወሰድኩ። በምስሉ ፋንታ ተናጋሪው በእጁ የሚያሳየው አንድ ዕቃ ይዞ ይመጣል። እጁ የለመደውን ዕቃ የያዘ ሰው ብዙም አይደነግጥም።

ቀኑን ለመምረጥ ብዙ ተከራክረናል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ከጾሙ በፊት ያሉት ቅዳሜና እሑዶች በሠርግ የተጨናነቁ ናቸው። እሑድ ኅዳር 11 ደግሞ የኳታሩ የዓለም ዋንጫ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ወጣት አይገኝም። ሰኞ ኅዳር 12 የኅዳር ሚካኤል ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ፣ ከምሮ የሚያጥንበት ቀን። እኔን የሳበኝ ይሄ ነው። ቅዳሜ ስለ ወንዝና ስለ ቆሻሻ ካወራን ሰኞ ሰው መጥረጊያ ይዞ ይወጣል።

ጥቅምት 13፣ እሑድ

ሳምንቱን ሙሉ ተናጋሪ ስፈልግ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ጠየቅኩ። አሥራ አንዱም እምቢ አሉኝ።

ጥፋቱ የአጠያየቄ ነው። «ንግግር ያደርጉልናል?» እያልኩ ነው የዞርኩት። ንግግር ሲባል ሰው የሚታየው ባለሥልጣን ነው፤ ካልሆነም ሰባኪ። «እኔ ምን አውቄ!» ይልና ወደ ሥራው ይዞራል።

ዛሬ ከሰዓት እማማ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ሰባውን አልፈዋል። ንግግር የሚለውን ቃል አላነሣሁም። የለበስኩትን ጋቢ ጫፉን ይዘው በጣታቸው አሹት። «ይሄ በዱቄት ሳሙና ታጥቦ ነው እንዲህ የከረረው» አሉ። «ድሮ በምን ነበር የሚታጠበው?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ተነሥተው ጓዳ ገቡ። በአሮጌ ነጠላ የተቋጠረ ነገር ይዘው ወጡ። ፈቱት። ደርቆ የተጨማደደ ፍሬ። እንዶድ ነው።

ከዚያ ያወሩኝን በሰዓት አልለካሁትም። ቡናው ግን ሦስተኛ ደርሶ ቀዝቅዟል። በልጅነታቸው ቀበና ወርደው ልብስ ያጥቡ እንደነበር። የትኛው ድንጋይ የማን እንደነበረ። እንዶድ ቀይ ሳይሆን፣ ገና ሳይበስል ለቅሞ ማድረቅ እንደሚሻል። ሲወቀጥ ብናኙ እንደሚያስነጥስና ዓይን እንደሚያቃጥል፤ ስለዚህ አፍንጫን በነጠላ ሸፍኖ መውቀጥ እንደሚያስፈልግ። ጥለት ያለው ለብቻ፣ ነጭ ሸማ ለብቻ እንደሚታጠብ።

ልወጣ ስል «ይሄንን ለሰፈር ሰው ይነግሩልኛል?» አልኳቸው። «ይሄ ምኑ ይነገራል? ሁሉም ያውቀዋል» አሉኝ። እኔ አላውቀውም ነበር። ልጃቸውም ከጎናችን ተቀምጦ «እኔም አላውቀውም» አለ።

ከአሁን በኋላ አጠያየቄ ይለወጣል። «ይሄን እንዴት ነው የሚሠሩት?» ብዬ ነው የምጀምረው።

ጥቅምት 15፣ ማክሰኞ

አጭር ማስታወሻ። የእማማን ነገር ጎረቤታችን ላለች የባዮሎጂ ተማሪ ነገርኳት። ዓይኗ በራ። «አክሊሉ ለማ!» አለች። እንዶድን ያጠና ተመራማሪ ነው፤ ስለ እሱ ትናገራለች። ሁለት ተናጋሪ አገኘሁ።

ጥቅምት 20፣ እሑድ

ትናንት ግማሽ ቀን ከቆራሌው ጋር ዞርኩ። ጆንያውን ተሸክሞ በየበሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ልጅ በድምፁ እንጂ በመልኩ አላውቀውም ነበር። ስምንት ዓመት በደጄ አልፏል። አፈርኩ።

የሚያውቀው ነገር ጉድ ነው። የትኛው ግቢ ምን እንደሚጥል በቃሉ ይዞታል። ጠርሙስ የሚሰበስብ ቤት አለ፤ ሁሉንም በአንድ ፌስታል ጠቅጥቆ የሚያወጣ ቤት አለ። ብረትን በማንኳኳት ይለየዋል። አንድ የተሰበረ ድስት አንሥቶ በጥፍሩ መታ መታ አደረገና «አልሙኒየም፣ ጥሩ» አለ። ሌላውን መታና መልሶ አስቀመጠው። እኔ ሁለቱም አንድ ድምፅ ነው የሰጡኝ። ደግሞ መታልኝ። አሁን ሰማሁት፤ አንዱ ቶሎ ይሞታል፣ አንዱ ትንሽ ይዘምራል።

የሚሰበስበው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይገባል። እዚያ የማይሠራ ነገር የለም። የጎማ ጫማው፣ የከሰል ማንደጃው፣ ከበርሜል የሚወጣው ሣጥን። «ሰው እኔ ቆሻሻ የምሰበስብ ይመስለዋል» አለኝ። «እኔ ዕቃ ነው የምሰበስበው። ቆሻሻውን ለቆሼ የምትተዉት እናንተ ናችሁ።»

ቆሼን፣ የከተማውን ቆሻሻ መጣያ፣ ሲጠራ ዝም አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ከዚያ በኋላ ጆንያ ሲሸከም ሸክሙ ሌላ መስሎ ይታየው እንደነበር ነገረኝ። ይሄን ይናገር እንደሆነ ጠየቅኩት። «እሱን አልናገርም። ድስቱን አሳያለሁ» አለ። እንደ ፈቃዱ።

አንዲት ከእንጦጦ ቅጠል የምታወርድ እናትም ጠይቄ ነበር። መንገድ ዳር ሸክሟን ድንጋይ ላይ አሳርፋ አገኘኋት። ቅጠሉ ከእሷ ቁመት ይረዝማል። «ቅዳሜ ማታ ወገቤን የማሳርፍበት ነው ልጄ» አለችኝ። ደግሜ አልጠየቅኳትም። ያ ሸክም እንዴት እንደሚታሰርና ቁልቁለቱን እንዴት እንደሚወረድ ግን የሚያውቀው እሷ ብቻ ናት።

ጥቅምት 27፣ እሑድ

ሁለት ሰው ተጨመረ።

አንዷ ሰፌድና ሌማት የምትሰፋ ጎረቤታችን እትዬ ናት። ልጅ ሳለች በአክርማና በሰንደዶ ነበር የምትሰፋው፤ አለላውን ራሷ ነክራ። አሁን ሣሩን ገበያ ወርዶ መግዛት አለ፣ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ የማዳበሪያ ከረጢት ክር እየመዘዘች ትሰፋለች። ባዶ ከረጢቱን በመቀስ ከፈተችና ከጫፉ አንድ ክር ሳበች። ክሩ ሳይበጠስ እየተንሸራተተ ወጣ፣ ከክንድ በላይ ረዘመ። ጠቀለለችው። ወስፌዋን ወጋች፣ ክሩን አሾለከች፣ ሳበች። ስትስብ ጥርሷን ትነክሳለች። አንድ ዙር እስክትጨርስ ዝም ብዬ አየሁ። ሰፌዱ ውሃ ቢነካው አይበሰብስም፣ ግን እንደ ሣሩ አይተነፍስም፤ እንጀራ ያልበዋል። ይሄን ራሷ ነች የነገረችኝ። ሥራዋን ሳታዳንቅ ጉድለቱን ጭምር የምትናገር ሰው መድረኩ ላይ ስትቆም ማየት ናፈቀኝ።

ሌላው የዕድራችን ጡሩንባ ነፊ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ በየመንገዱ እየዞሩ የሞተውን ሰው ስም የሚጠሩት። ብዙ ዕድር አሁን በስልክ መልእክት ነው የሚያስታውቀው። የእኛ ግን ገና በጡሩንባ ነው። «ስለ ምን ላውራ?» አሉኝ። ጡሩንባው የት ቆመው ሲነፋ የት እንደሚሰማ ጠየቅኳቸው። በጣታቸው አፈሩ ላይ ሰፈሩን ሣሉልኝ። ቅያሱን፣ ገደሉን፣ ድሮ ድምፅ ያልፍበት የነበረውንና አሁን ፎቅ የዘጋውን። እንዲህ ያለ ካርታ አይቼ አላውቅም።

ስድስተኛው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ስለ ኅዳር በሽታ ይናገራሉ። እሳቸውን ማግባባት አላስፈለገም።

ኅዳር 3፣ ቅዳሜ

ልምምድ አደረግን፣ የሊቀመንበሩ ሳሎን ውስጥ።

እማማ በአምስት ደቂቃ ጨረሱ። ተማሪዋ ስምንት። ቆራሌው አልመጣም፣ ቅዳሜ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። መምህሩ 31 ደቂቃ ወሰዱ፤ ያውም ገና ከአድዋ አልወጡም ነበር።

እዚህ ላይ ተቸገርን። ፈረንጆቹ ሰዓቱ ሲሞላ ደወል ይደውላሉ፣ ወይም ምስሉ በራሱ ያልፋል። እዚህ ሽማግሌ ላይ ደወል መደወል አይታሰብም። ካርቶን ላይ «2 ደቂቃ ቀረ» ብሎ ማሳየትም ሞክረን ነበር፤ መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ካርቶኑን ጮክ ብለው አነበቡልንና ቀጠሉ።

መላውን ያመጡት እማማ ናቸው። «ሰዓቱ ሲደርስ ቡና አቅርቡላቸው» አሉ። ቀላል ነገር። ስድስት ደቂቃ ተኩል ሲሆን አንዲት ልጅ ስኒ ይዛ በጎን በኩል ትጠጋለች። ሰው በሁለት እጁ ስኒ ተቀብሎ ወሬ አይቀጥልም። ማንም አይነካም፣ ማንም አያፍርም።

ከዚያ ጠቅላላ ምሽቱን በቡና አዋቀርነው። አቦል ላይ ሁለት ሰው፣ ቶና ላይ ሁለት፣ በረካ ላይ ሁለት። በመሐል ያለው ጊዜ ለጥያቄና ለጨዋታ። እኔ ከወር በፊት በወረቀት ላይ ሠርቼው የነበረውን መርሐ ግብር ቀደድኩት።

ቅደም ተከተሉንም ቀየርኩ። መጀመሪያ ተማሪዋን ነበር ከፊት ያደረግኳት፤ ሳይንሱን አስረድታ ለእማማ እንድትለቅ። በልምምዱ ሳየው ነገሩ ተገልብጧል። እማማ ማስረጃ ሆነው ቀሩ። አሁን እማማ ይቀድማሉ፤ ተማሪዋ ከእሳቸው ትነሣለች።

ለተናጋሪዎቹ የሰጠሁት ምክር አንድ ብቻ ነው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። የት እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው መሐል መንገድ ላይ አይጠፋም። መምህሩ ይሄን ሰምተው ደብተራቸውን አወጡና ጻፉት።

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ

ማስታወቂያ። ጡሩንባ ነፊው «ዞሬ ልጥራላችሁ» ብለው ነበር። ሊቀመንበሩ ከለከሉ። ጡሩንባ ሲነፋ ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ ነው የሚወጣው። ልክ ናቸው። በየሱቁ ወረቀት ለጠፍን፣ በየቤቱም ልጆች ላክን። ቤት ለቤት የሄዱት ልጆች ከወረቀቱ በላይ ሠርተዋል።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ

ድንኳኑ ሄደ። እሑድ ሠርግ ያለበት የዕድሩ አባል ተገኘ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ድንኳኑ ተተክሎ ማደር አለበት። ደንቡም ለሠርግና ለለቅሶ ቅድሚያ ይሰጣል። ደንቡ ደግ ነው፣ እኔም አልተከራከርኩም። ማታውን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሽማግሌዎችን ሜዳ ላይ ሁለት ሰዓት ማስቀመጥ አይቻልም።

መፍትሔው ከዲኤስቲቪ ቤት መጣ። ኳስ የሚያሳዩት ልጆች ለዓለም ዋንጫው ብለው አዲስ ሸራ ወጥረዋል፣ አግዳሚም ደርድረዋል። ቅዳሜ ማታ ቤቱ ባዶ ነው። «ሞንታርቦውም አለ፣ ውሰዱት» አሉን። ክፍያ አልጠየቁም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ሲያልቅ ወንበሩን እንደነበረ መልሱልን፣ በማግስቱ መክፈቻ ጨዋታ አለ።

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ፣ ሌሊት 5 ሰዓት

ገና አሁን ገባሁ። ልብሴ ቡናና ዕጣን ዕጣን ይሸታል። ሳልረሳው ልጻፈው።

ሰው ይመጣ እንደሆነ እስከ 12 ሰዓት ተኩል አናውቅም ነበር። ከዚያ በአንድ ጊዜ ጎረፈ። ከ140 በላይ ቆጥሬ ተውኩት። ልጆች መሬት ላይ በካርቶን ተቀመጡ። ሞንታርቦው መጀመሪያ ላይ ጮኸ፤ ከዚያ ዘጋነው። ቤቱ ያለ ማይክ ይሰማል።

ቆራሌው እስከ 12 ተኩል አልደረሰም። ስለዚህ እማማ ብቻቸውን ጀመሩ። ሳፋ ውስጥ ውሃ፣ በጎን የተወቀጠው እንዶድ፣ በእጃቸው አንድ የጨቀየ ነጠላ። ቁመው አላወሩም፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አጠቡ። ዱቄቱን በተኑበት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ በመዳፋቸው ሲያሹት አረፋው ተነሣ፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ እስከ ክንዳቸው። ከፊት ያሉት ልጆች «ኦ!» አሉ። እማማ ቀና ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ድንጋዮቹ ተናገሩ። ወንዙ ዳር የነበሩትን ሴቶች አንድ በአንድ ጠሩ። አብዛኞቹ የሉም። ስኒው ሲመጣላቸው እጃቸው አረፋ ስለነበር ልጅቷ አስጎነጨቻቸው።

ቆራሌው አቦል ሊያልቅ ሲል ከነጆንያው ገባ። ሥራ ልብሱን አልቀየረም። ሁለቱን ድስቶች አወጣና በጥፍሩ መታ። «የትኛው ነው የሚሸጠው?» አለ። ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ልጆቹ ናቸው የመለሱለት። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ብረት ከአልሙኒየም፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፌስታል እንዴት ተለይቶ እንደሚቀመጥ አስተማረ። «በአንድ ላይ ስታስሩት እኔም አላነሣውም» አለ። አንዲት እናት ከኋላ «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከንም?» አለችው። «ማን ጠየቀኝ?» አላት። በክፉ አልነበረም ያላት።

ቶና ላይ ተማሪዋ ተነሣች። የእማማን ሳፋ ወደ ራሷ አስጠጋችው። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ የሚባል ወጣት ተመራማሪ አድዋ ሄዶ ስለ ቢልሃርዚያ ያጠና ነበር። በሽታውን የሚያስተላልፉት ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ሲንሳፈፉ አየ። ከማጠቢያው በላይ ያሉት ደኅና ነበሩ። ምርምሩ የተነሣው ከዚያ ነው። ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

እንዶዱ ዓሣንም ይገድላል አለች፤ ስለዚህ የታጠበበትን ውሃ ዓሣ ባለበት ወንዝ አይደፉም። ከዚያ ወደ እማማ ዞረች። «ያን ቀን አድዋ ወንዝ ዳር የነበሩት እንደ እርስዎ ያሉ እናቶች ናቸው» አለች። የመጨረሻ ዓረፍተ ነገሯ ይሄ ነበር። እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉት።

መምህሩ ቀጠሉ። በኅዳር 1911 ያ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የዳኑት። ኅዳር 12 ከተማው ተጠርጎ የሚታጠነው ያን ለማስታወስ ነው። ከዚያ መምህሩ በእጃቸው የያዙትን አሳዩ፦ አንድ ጥቁር ፌስታል። «በ1911 ሲታጠን ይሄ አልነበረም» አሉ። «የታጠነው ሣር፣ ገለባ፣ ፍግ ነው። ዛሬ ግማሹ ይሄ ነው።» ቡናው ከመቅረቡ በፊት ጨረሱ፤ ስድስት ደቂቃ ከምናምን። ከሁሉም በላይ የተጨበጨበላቸው ለሳቸው ነው።

ከዚያ ጭቅጭቅ ተነሣ። አንድ አባት በጣም ተቆጡ። «ኅዳር ካልታጠነ ምኑ ኅዳር ነው? አባቶቻችን ያቆዩትን ልትሰርዙ ነው?» አሉ። መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት ሊቀመንበሩ በዓይናቸው ከለከሉኝ። አስተናገዷቸው፣ እስኪጨርሱ ሰሟቸው። ቆራሌው ነው በመጨረሻ እጁን ያወጣው። «አባባ፣ ይታጠን። ፌስታሉንና ጠርሙሱን ብቻ ለእኔ አውጡልኝ» አለ። ሽማግሌው መልስ አልሰጡም። ግን ተቀመጡ።

በረካ ላይ እትዬ ክሯን መዘዘች። ከኋላ ያሉት እንዲያዩ ክሩን ሕፃናቱ ተቀባብለው እስከ በሩ ድረስ ወሰዱት። ክሩ ከአንድ ከረጢት እየወጣ ቤቱን አቋረጠ። ማውራት ትታ እንዲሁ ቆማ አየችው።

ጡሩንባ ነፊው የመጨረሻ ነበሩ። ካርታቸውን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣሉት፤ የኳስ ውጤት የሚጻፍበት ሰሌዳ ነው። ጎህ ሲቀድ ድምፅ እንዴት ወንዙን ተከትሎ እንደሚወርድ አስረዱ። ወጣቶቹ «አንድ ጊዜ ይንፉልን!» ብለው ጮኹ። ጡሩንባውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ይሄ የሰው ስም ነው የሚጠራበት» አሉ። በነጠላ መልሰው ጠቀለሉት። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙን የሚዘጋ ቃል መጨመር አልቻልኩም፤ አያስፈልግምም ነበር።

ኅዳር 11፣ እሑድ

ወንበሩን ሌሊቱን ነው የመለስነው። ልጆቹ መክፈቻውን በሰላም አሳዩ።

ዛሬ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ስኒ ላጥብ ስሄድ ቡናውን ካፈሉት ሦስት እናቶች አንዷ «እንዴት ነበር?» አለችኝ። እዚያው ነበረች! ግን ከመጋረጃው በስተጀርባ፣ ከረከቦቱ ጋር። ስትቆላ፣ ስትወቅጥ፣ ስታጥብ ከስድስቱ አንዱንም ሙሉውን አልሰማችም። ፈንድሻውን ያዞሩት ልጃገረዶችም እንዲሁ። ምሽቱን በቡና አዋቀርን ብዬ ስኮራ፣ ቡናውን የሚያፈላው ሰው የት እንደሚቀመጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። በጣም ነው የቆጨኝ።

ሦስቱንም ይቅርታ ጠየቅኩ። በሚቀጥለው ረከቦቱ መሐል ቤት ይሆናል፣ ተናጋሪው ከጎኑ ይቆማል። ሲወቀጥ ተናጋሪው ይጠብቃል። ቆይቶ ደግሞ ከዲኤስቲቪ ቤት ልጆች ሁለቱ ቡናውን ለመቁላት ተመዘገቡ።

ወጪ፦ ቡና 3 ኪሎ፣ ስኳር፣ የፈንድሻ በቆሎ፣ ከሰል፣ ዕጣን። ከአምስታችን ኪስ ነው የወጣው። የተሰበረ ስኒ አራት።

ኅዳር 12፣ ሰኞ

ከቅዳሴ መልስ ሰፈሩ በመጥረጊያ ድምፅ ተሞላ። ጭሱ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ተነሣ። ሁሉም አልተለወጠም። ከታች ባለው ቅያስ ጥቁር ጭስ አይቻለሁ፤ የፌስታል ሽታ እስከ ቤቴ መጥቷል።

በእኛ መስመር ግን ከየክምሩ ጎን ጆንያ ቆሞ ነበር። ልጆቹ ናቸው የለዩት። ቆራሌው ሦስቴ ተመላልሷል፤ ሦስተኛውን በጋሪ ነው ያወጣው። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶቹን እትዬ ቀድማ ወስዳለች፤ አሥራ ሰባት ቆጠረች።

ቅዳሜ የተቆጡት አባት በር ላይም አለፍኩ። ሣርና ቅጠል ከምረው እሳት ለኩሰዋል፣ ወይራ ጨምረውበታል፤ ጭሱ ነጭ ነው። ሰላም አልኳቸው። አጸፋውን ሰጡኝና በከዘራቸው ወደ አጥሩ ሥር ጠቆሙኝ። አንድ ፌስታል ሙሉ የውሃ ጠርሙስ፣ አፉ በገመድ ታስሯል።

«ያ ልጅ ገና አላለፈም?» አሉኝ።